ከጉቶው ስር የሚፈጨው

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። የምሬን ነው፣ ዶርም እያለን መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቹ አንድ አልጋ ላይ ተከማችተው አንዷ "ሻወር ቤት እግር የሌላት ሴት አየሁ" ስትል፣ ሌላዋ "እኔን ደግሞ በስሜ ጠራችኝ" ስትል፣ እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ "ቧንቧው አየር ይዞ ነው የሚጮኸው፣ ተኙ!" የምል ነበርኩ፣ በዚህም ብዙ ተጠልቻለሁ። የተማርኩት መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው፣ ለእኔ ድምፅ ካለ የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ የላላ ቡሎን አለ፣ ታጠብቂዋለሽ፣ ድምፁ ይጠፋል፣ አለቀ። ከዲላ ወጣ ብሎ ጪጩ ላይ የሰማሁትን ድምፅ ግን የማጠብቅበት ቁልፍ እስካሁን አላገኘሁም። ልንገራችሁ፣ እባካችሁ እስክጨርስ አትሳቁብኝ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ።

ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ጋውኑን አውልቄ ዲላ ቤታችን ተመለስኩ፣ እናቴ ፎቶዬን በትልቁ አሳጥባ ሳሎን ሰቀለችው፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር መቆም፣ ማመልከት፣ "እንደውልልሻለን"፣ ቁጭ። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት አልችልም፣ ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ ራሱ ያናድደኛል፣ ምላሴ ሁልጊዜ የተቃጠለ ነው። አባቴ መምህር ነው፣ ዝምተኛ ሰው፣ ዝም ብሎ ዝም ብሎ አንድ ቀን እራት ላይ "ሻሸመኔ አክስትሽ ሱቅ የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች" አለ። የመጋረጃ ሱቅ! ጨርቅ በሜትር እየለካሁ ልሸጥ!

"አባዬ፣ እኔ እኮ ኢንጂነር ነኝ" አልኩት።

"መጋረጃም ልኬት ይፈልጋል" አለኝ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ እንኳን የለም።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ፣ አንድ ፈረንጅ ግቢው ውስጥ ያለውን የዛፍ ጉቶ በማሽን ሲፈጨው፣ ጥርስ ያለው ክብ ብረት ይሽከረከራል፣ ጉቶውን ከቀኝ ወደ ግራ እየላሰ ፍርፋሪ ያደርገዋል። ሌላ ሰው ቢሆን በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፈው ነበር፣ እኔ ግን ብድግ ብዬ ቆምኩ። እስቲ አስቡት፣ ጌዴኦ ውስጥ ጉቶ የሌለበት ግቢ ታውቃላችሁ? ቤት የሚሰራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጣላው ከጉቶ ጋር ነው፣ ወንዶቹ በመጥረቢያና በድጅኖ ሳምንት ሙሉ ይቆፍራሉ፣ ሲደክማቸው እሳት ይለቁበታል፣ እሳቱ ደግሞ በስር በስር ሄዶ የጎረቤት ቡና ይለበልባል፣ ከዚያ ሽምግልና። በማሽን ቢሆንስ? ይሄን ማሽን እኔ ብሰራውስ? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ንድፉን የሳልኩት ለእናቴ ከመጣ የሰርግ መጥሪያ ጀርባ ላይ ነው።

ከመናኸሪያው ጀርባ ተካ የሚባል በያጅ አለ፣ አባቱ ከጎንደር ለንግድ መጥተው የቀሩ፣ እሱ እዚሁ ዲላ ተወልዶ ያደገ፣ አፉ ከብየዳው ይፈጥናል። ንድፌን ይዤ ሄድኩበት።

"ይሄ ምንድነው ኢንጂነር?"

"የጉቶ መፍጫ።"

"ጉቶ ተፈጭቶ ምን ሊሆን? ገንፎ?"

"ተካ፣ ትሰራለህ አትሰራም?"

"ከጉቶ ጋር ምን አጣላሽ? ባል ፈልጊ እንጂ።"

"ባል ከጉቶ በምን ይሻላል?"

የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳቀ፣ ሳቀና "አምጪው እስቲ" አለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ነበርን።

እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ጠዋት ተነስቼ ቁራሌዎቹ ጋ ነኝ፣ ከዝገት ክምር ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቼ፣ "ይቺ ልጅ ምን ጠፍቷት ነው?" እያሉ እያዩኝ። ሞተሩን ያገኘሁት ከተገለበጠ ባጃጅ ነው፣ ማንም አልተጎዳም፣ ሙዝ ብቻ ነበር የጫነው፣ ይህን የምነግራችሁ የነገሩ ጥፋት ከሞተሩ እንዳይመስላችሁ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ያጣራሁት እሱን ነው። የባጃጅ የመረጥኩት የራሱ ማራገቢያ ስላለው ነው፣ የሞተር ሳይክል ሞተር ቆሞ ሲሰራ ነፋስ ካልመታው ይግላል፣ ይህን ሳስረዳው ተካ ትንሽ አሰበና "እሺ፣ ዲግሪው ከገበያ የተገዛ አይደለም" አለ። ክቡ ብረት ከጭነት መኪና የወለቀ ነው፣ ለሁለት ነው የተሸከምነው። ዘንጉ፣ ዘንጉን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ማለት ቺንጋውና ኩሽኔታው ከፈረሰ ወፍጮ ቤት፣ ጎማዎቹ ከእጅ ጋሪ። ጥርሶቹን ከመኪና ባሌስትራ ቆረጥናቸው፣ ያ ከጎማው በላይ ተደራርቦ የሚታሰረው ጠንካራ ብረት፣ አንዱን ጥርስ ለመሳል ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

አንዷ ላይ ግን ተካ "ቆይ፣ ትቀዝቅዝና ላስተካክላት" እያለኝ እኔ የት አባቴ ልጠብቅ፣ እንደ ተበየደች አሰርኳት፣ ወደ ጎን ጠመም ብላ ቀረች። ሌሎቹ ጥርሶች እንጨቱን ለስላሳ አድርገውት ሲሄዱ እሷ ብቻ እንደ ጥፍር አንድ ጥልቅ መስመር ትጭራለች። ተካ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ "ይቺ ፊርማሽ ናት፣ ማንም አስመስሎ አይፈርማትም" ይለኝ ነበር። ግን ሰራ! ሱቁ በር ላይ የባህር ዛፍ ግንድ አስቀምጠን አስነሳሁት፣ ጢሱ መናኸሪያውን ሞላው፣ ግንዱ ዱቄት ሆነ፣ እኔ እየዘለልኩ እጮሃለሁ፣ የሚኒባስ ረዳቶች ያጨበጭባሉ፣ አንዷ ሙዝ ሻጭ "እልልል" አለችልኝ።

አባቴ ወሬውን ሰምቶ መጣ፣ ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየውና "የባህር ዛፍ ግንድ በመጋዝም ይቆረጣል" አለ። ከዚያ ጨመረ፣ "ወንድሜ ጪጩ ላይ ለልጁ ቤት ሊሰራ ነው፣ መሠረቱ መሐል የዋንዛ ጉቶ አለበት። ቅዳሜ እሱን ካወጣሽ እሺ፣ እዚሁ ሁኚ፣ ሱቅም ክፈቺ፣ የፈለግሽውን ሁኚ። ካላወጣሽ ሰኞ ሻሸመኔ ነሽ።"

ቅዳሜ ማሽኑን ፒካፕ ላይ ጭነን ከተካ ጋር ጪጩ ሄድን። የአጎቴን ግቢ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ከእንሰቱና ከቡናው መሐል ገላጣ ቦታ አለ፣ ጉቶው እዚያ ነው፣ እኔ ሳልወለድ ንፋስ የጣለው ዋንዛ ነው ይላሉ፣ ልጅ ሆኜ ላዩ ላይ ተቀምጬ ሸንኮራ እመጥ ነበር፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ፣ መጥረቢያ የሚያነጥር። ለመሠረቱ የተወጠረው ሲባጎ ልክ በመሐሉ ያልፋል።

አጎቴን አባባ ጅግሶ እንለዋለን። ቤት ውስጥ የሚያወራው በጌዴኦኛ ነው፣ ተካ ስላለ ግን አማርኛ ተናገረ፣ በአማርኛ ሲናገር ደግሞ ሴትና ወንድ አይለይም፣ እኔን ከልጅነቴ "አንተ" እያለ ነው ያሳደገኝ።

"ሶስና፣ ጠብቅ እንግዲህ፣ ችግኝ ላምጣ" አለኝ።

"የምን ችግኝ አባባ?"

"የዋንዛ ነዋ። መጀመሪያ ይተከላል፣ ከዚያ ይነቀላል። አባትህ ይህንን አላስተማረህም?"

አስተምሮኛል፣ እንዴት አላውቅም፣ እኛ ጋ ያልተጻፈ ሕግ ነው፣ ትልቅ ዛፍ ከመንቀልህ በፊት ምትኩ አፈር መያዝ አለበት፣ ጉቶም ቢሆን ዛፍ ነው። አባባ እሁድ ቸርች የማይቀር ሰው ነው፣ "አምልኮ አይደለም፣ ለመሬት የሚደረግ ሰላምታ ነው" ይላል፣ ሌሎቹም ሽማግሎች እንደዚያው። ብቻ ችግኙ ያለው ከወንዙ ማዶ ጎረቤት ጋ ነው፣ ጃንጥላውን ይዞ ቀስ እያለ ወረደ፣ አባባ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሳይል አያልፍም፣ የከብቱን ጤና ሳይጠይቅ፣ የልጁን ትምህርት ሳይጠይቅ።

ጠበቅሁ ልበላችሁ? ትንሽ ጠበቅሁ። ከሰዓት ሆኗል፣ ጉሙ ከላይ ከዳገቱ እየወረደ እንሰቶቹን አንድ በአንድ እየዋጠ ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ አባቴ ከትምህርት ቤት ስብሰባ ወጥቶ በባጃጅ ይመጣል፣ እሱ ሲደርስ እኔ ችግኝ እየጠበቅሁ ቁጭ ብዬ ሊያየኝ ነው። ማስነሻውን ያዝኩ።

"ኧረ ሽማግሌው ይምጡ!" አለ ተካ።

"ሲመጡ ይተክላሉ። ለሚተከለው ዛፍ ትንሽ መዘግየት ምኑ ነው?"

"እኔ እንጃ፣ ያንቺ አገር ነው።"

"ያንተስ አይደለም?"

ጎተትኩት፣ ተነሳ።

መጀመሪያ ሁሉም እንዳሰብኩት ነበር፣ ደረቅ ዱቄት፣ ቡና የመሰለ፣ አፍንጫ የሚያስነጥስ። እኔ ማሽኑን የምገፋበት መንገድ አለኝ፣ ገፋ ገፋ ገፋ፣ ፋታ፣ ገፋ ገፋ ገፋ፣ ፋታ፣ ተካ "እንደ ሰው ቀስ ብለሽ ግፊ፣ ቺንጋውን ታቃጥይዋለሽ" ይለኛል፣ እኔ ግን አልችልም። ደስ ብሎኛል፣ ጉቶው እየወረደ ነው፣ እየዘፈንኩ ሁላ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ዱቄቱ ሱሪዬ ላይ መጣበቅ ጀመረ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፣ እርጥብ ነው፣ ነጭ፣ ትኩስ ፍርፋሪ፣ ትናንት የተቆረጠ ዛፍ ፍርፋሪ፣ አሽትቼዋለሁ፣ አረንጓዴ ሽታ ነው ያለው። ከእኔ በፊት የደረቀ ጉቶ! ውስጡ ውሃ ቋጥሮ ይሆናል አልኩ፣ ቀጠልኩ። የአባባ ዶሮዎች ግቢው ጥግ ተደርድረው ቆመዋል፣ አይጭሩም፣ አይንጫጩም፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ማሽኑ ረብሿቸው ነው አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ፣ ነግሬያችሁ የለ፣ እንደዚያ ነኝ።

ከዚያ ተካ ጮኸ፣ "ድምፁ ድርብ ሆኗል! አጥፊው፣ ኩሽኔታው ሊበላ ነው!"

እውነቱን ነው፣ ከማሽኑ ድምፅ ስር ሌላ ድምፅ አለ፣ ወፍራም፣ ትንሽ ወደኋላ የቀረ። አጠፋሁት። ቺንጋው ቆመ፣ ክቡ ብረት ዞሮ ዞሮ ቆመ፣ እጄን ጫንኩበት፣ ሞቋል፣ ግን ቆሟል።

ድምፁ አልቆመም።

ተካ እኔን አየ፣ እኔ እሱን።

"ወፍጮ ቤት አለ እዚህ?" አለ ቀስ ብሎ።

"መንገድ ዳር ነው ያለው። ደግሞ ዛሬ መብራት የለም።"

"መኪና ይሆናል።"

"ተካ፣ ከስር ነው።"

ተንበርክኬ መዳፌን መሬቱ ላይ አደረግሁ። ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ ባለው የእንሰት ቅጠል እጥፋት ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ክብ ክብ እየሰራ ይርገበገባል፣ ንፋስ የለም፣ ጉሙ ራሱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ አዳመጥኩ፣ እና ያኔ ነው ፀጉሬ የቆመው፣ ምክንያቱም አወቅሁት። ገፋ ገፋ ገፋ፣ ፋታ። ገፋ ገፋ ገፋ፣ ፋታ። የእኔ አገፋፍ ነው! ሰው የራሱን ሳል እንደሚያውቀው ነው ያወቅሁት።

"በስመ አብ ወወልድ" አለ ተካ፣ አማተበ፣ "ነይ እንሂድ፣ ማሽኑ ይቅር፣ ነይ።"

አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ እብድ ናት ትላላችሁ፣ ግን እኔ ፈርቼ አልነበረም፣ ማለቴ ፈርቻለሁ፣ ግን ከፍርሃቱ በላይ ደስታ ነበረኝ፣ ልቤ የሚመታው ፈተና ላይ የከበደው ጥያቄ ድንገት ሲገባኝ እንደሚመታው ነው። ማወቅ ፈለግሁ። ማሽኑን መልሼ አስነሳሁት፣ ወደ ግራ ገፋሁት፣ ከስር ያለው ወደ ግራ መጣ፣ በእግሬ ጫማ ውስጥ ሲያልፍ ተሰማኝ። ወደ ቀኝ፣ እሱም ወደ ቀኝ። አገፋፌን ለወጥኩ፣ አንድ ረጅም፣ ቀስ ያለ፣ ተካ ሁልጊዜ የሚለምነኝን ዓይነት። ከስር ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ረጅም፣ ቀስ ያለ።

"ይሰማኛል!" ብዬ ጮህኩ፣ "ተካ፣ ይመልሳል!"

"አትጫወቺ! ሶስና፣ በእናትሽ አትጫወቺ!"

ያን ጊዜ ጉቶው ጮኸ፣ አጥንት እንደመሰበር ያለ ነገር፣ እና አንድ ጭብጥ ያህል ወደ ታች ሰመጠ፣ ሙሉ ጉቶው፣ ዙሪያውን አፈር እየተናደበት። ሞተሩን አጠፋሁት። ተካ ሊሮጥ ነበር፣ ግን ተካም እንደኔው ነው፣ ብረትና እንጨት ላይ ያልገባው ነገር ካለ አያልፍም። ድጅኖውን አመጣ፣ ከስሩ አስገብተን አንድ ላይ ጫንነው፣ ያ ሰዎች ስንት ጊዜ ቆፍረው ያቃታቸው ጉቶ እንደ ድስት ክዳን ተነሳና በጀርባው ተገለበጠ።

ስሮቹ የሉም። ሁሉም ተቆርጠዋል። ታችኛው ፊቱ ተፈጭቷል፣ ተስተካክሎ፣ ለስልሶ፣ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ፣ ማሽኔ ግን ከላይ እንጂ ከታች አንዲት ጣት እንኳን አልደረሰም፣ ሊደርስም አይችልም፣ ጎማ ላይ ነው የቆመው። በልስላሴው ላይ ደግሞ እየዞረ የሚሄድ አንድ ጥልቅ መስመር አለ። ተካ ጣቱን ዘረጋ፣ መስመሩን ተከተለው፣ እስከ መሐል፣ ከዚያ እጁን ሰብሰብ አድርጎ ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ይሄ ጥርስ የተሰራው እኔ ሱቅ ነው" አለ።

ጉድጓዱ ውስጥ አፈር ብቻ ነው ያለው፣ ግን አሁን ክዳኑ ስለተነሳ ድምፁ ጎልቷል፣ የአፈሩ ጥቃቅን እየዘለለ ወደ መሐል ይንሸራተታል፣ ወንፊት ላይ እንዳለ ዱቄት። እየቀረበም ይመስለኛል። እኔ ጫፉ ላይ ቆሜ አያለሁ።

አባባ የደረሰው ያኔ ነው። ችግኙን በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ታቅፎታል። የተገለበጠውን ጉቶ አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ እኔን አላየኝም፣ አልተቆጣም፣ ጃንጥላውን ጥሎ ተንበረከከ፣ ከሲባጎው ውጭ ባለው የጉድጓዱ ጫፍ ላይ በእጁ ቆፈረ፣ በጥፍሩ፣ እሱን የሚያህል ሽማግሌ፣ ችግኙን አስገባ፣ አፈሩን መለሰ፣ በመዳፉ ደለደለው፣ በጌዴኦኛ የሆነ ነገር አለ፣ ለእኔም ለተካም አይደለም፣ እንግዳ ሲገባ እንደምንለው ያለ ነገር። ልክ እጁን ሲያነሳ ዝናቡ ወረደ፣ የጪጩ ዝናብ ታውቁት እንደሆነ፣ ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ፣ የራሴን ድምፅ እንኳን አልሰማም ነበር። እና በዚህ ምክንያት ድምፁ መቼ እንደቆመ አላውቅም። ችግኙ ነው ያቆመው፣ ዝናቡ ነው ያቆመው፣ ወይስ ዝናቡ ሸፈነው እንጂ አልቆመም፣ አላውቅም፣ ብዙ አስቤበታለሁ፣ አላውቅም።

በረንዳው ስር ተጠልለን ውሃ እያንጠባጠብን ሳለ አባባ ወደ እኔ ዞረ።

"ሰማህ?"

"ሰማሁ አባባ።"

"እኔም ከወንዙ ማዶ ሰማሁ። 'ሶስና ሁለት ማሽን ነው እንዴ ያመጣው?' አልኩኝ።"

"ምንድነው እሱ?"

"እኔ እንዴት ልወቅ?" አለ፣ ትንሽ እንደመቆጣት ብሎ፣ "ሁላችንም ተክለን ነው የምንነቅለው። ሳይተክል የነቀለ ሰው አላየሁም። አንተ የመጀመሪያ ነህ።"

አባቴ ዝናቡ ሲያባራ ደረሰ፣ ሱሪውን ከፍ አድርጎ ጭቃውን እየዘለለ። ጎረቤቶቹም ተሰብስበው ነበር፣ ጉቶውን ይዞሩታል፣ በእግራቸው ይነኩታል፣ "በአንድ ከሰዓት!" ይላሉ፣ "ይቺ ናት? ይቺ ቀጭኗ?" ይላሉ። አባቴ ጉድጓዱን አየ፣ ከፍርፋሪው ዘገነ፣ አሸት አሸት አደረገው፣ ማሽኑን አየ።

"ብቻሽን?" አለኝ።

ተካ ጫማውን ማየት ጀመረ። አባባ ደግሞ ወደ ማዶ ያያል።

"ከተካ ጋር" አልኩ።

"ለአክስትሽ እደውላለሁ" አለ አባቴ፣ "ሌላ ሰው ትፈልግ።" ከዚያ፣ ይህንን በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን፣ ሰው ፊት ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ። ምን ልበላችሁ፣ ጮህኩ፣ ዘለልኩ፣ ጭቃው ላይ ወደቅሁ፣ ያን ሰዓት ከስር ማንም ይሁን ማን ግድ አልነበረኝም። እነሆ ቀረሁ! ዲላ ቀረሁ!

አሁን ከተካ ሱቅ ጎን የራሴ ሱቅ አለኝ፣ በሩን አረንጓዴ ቀብቼዋለሁ። ስራ በሽ በሽ ነው፣ ይርጋጨፌ ድረስ ይደውሉልኛል። ታዲያ በየሄድኩበት መጀመሪያ ተክዬ ነው፣ ባለቤቱ ቢስቅም ባይስቅም፣ ችግኝ ራሴው ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ችግር ብቻ አለ፣ የዚያ ጉቶ ግማሽ የማያክል ጉቶ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሶስት ቀን ይፈጅብኛል። "ጪጩ ላይ በአንድ ከሰዓት ጨርሰሽ የለ እንዴ? እኛ ጋ ሲሆን ምነው ለገምሽ?" ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ? ግማሹን የሰራው ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም ልበል?

ቤቱ ተሰርቶ አልቋል፣ የአጎቴ ልጅ በረከት ሚስቱን ቤቲን አግብቶ ገብተውበታል፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ሰማያዊ መስኮት፣ ያማረ ቤት ነው። ችግኙም በጓሮ በኩል ይዟል። በረከት ቀን ቀን ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው የሚውለው፣ ቤቲ ብቻዋን ነች። አንድ ቀን ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ ስራ ላይ ሆኜ ለምሳ ማሽኑን አጥፍቼ እንደተቀመጥኩ ደወለች።

"ሶስዬ፣ አረፍሽ አይደል አሁን?"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ድምፅሽ ቆመ እኮ።"

"የምን ድምፅ?"

"የማሽንሽ ነዋ። ወለሉ ስር ይሰማል፣ በረከት መሬቱ ነው የሚያመጣው ይላል። ስትጀምሪ እሰማሻለሁ፣ ስታርፊም አውቃለሁ። ደስ ይላል፣ ብቻዬን አይመስለኝም።"

ኮንጋና ጪጩ! በመኪና ስንት መንገድ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ መሐል ላይ ስንት ዳገት፣ ስንት ወንዝ እንዳለ። "ምን ዓይነት ድምፅ ነው?" አልኳት። በአፏ አሰማችኝ፣ እየሳቀች። ገፋ ገፋ ገፋ፣ ፋታ።

ለተካ ነገርኩት፣ "ስራውን ተይው" አለኝ፣ ደግሞ ወዲያው "ትተሽ ምን ልትበይ?" አለኝ። ልክ ነው። አልተውኩትም። ቀስ በቀስ ለምጄው ነበር እንዲያውም፣ ቤቲ ስትደውል "ዛሬ ቺንጋ ተበጥሶብሽ ነበር አይደል?" ትለኛለች፣ አዎ እላታለሁ፣ እንስቃለን።

ባለፈው እሁድ ግን እናቴ ከቸርች መልስ ሰው ጋብዛ ስለነበር ከጫጫታው ሸሽቼ ሱቄ ገባሁ። ሞተሩን ከፍቼው ነበር፣ ሙሉ በሙሉ፣ ፒስተኑ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ካርቡሬተሩ ሌላ ጠረጴዛ ላይ፣ ክቡ ብረት ግድግዳ ተደግፎ፣ ጥርሶቹ ወልቀው ቆርቆሮ ውስጥ። ስልኬ ጠራ።

"ሶስዬ፣ በእሁድ ደግሞ?" አለችኝ ቤቲ፣ "ሰው እኮ ያርፋል! ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጥሽም፣ ምን ዓይነት ትልቅ ጉቶ ይሆን እያልኩ ነው። እርግዝናዬ ላይ እንቅልፍ ነስተሽኛል ባክሽ።" እየቀለደች ነው፣ ድምፅዋ ይስቃል። ከሳቋ ኋላ፣ በስልኩ ውስጥ፣ እኔም ሰማሁት።

ፒስተኑን አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ዘይቱ ይንጠባጠባል።

ምን ልበላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

"አዎ ቤቲዬ፣ ትልቅ ጉቶ ነው" አልኳት፣ "አሁን ልጨርስ ነው።"

"እሺ የኔ ቆንጆ፣ በርቺ" አለችኝ።